እንግዳውን የሚመክር፣ አስተናጋጁን የዘነጋ መጽሐፍ

ስለ አጭር ጊዜ ተልእኮ ውይይት ሲነሣ የስቲቭ ኮርቤትና የብራያን ፊከርት «ዌን ሄልፒንግ ኸርትስ» ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። ርእሱን «መርዳት ሲጎዳ» ልንለው እንችላለን። በ2009 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣው ይህ መጽሐፍ ድኽነትን የገንዘብ እጦት ብቻ አድርጎ አያየውም። ከብራያንት ማየርስ ተውሶ፣ ሰው ከእግዚአብሔር፣ ከራሱ፣ ከባልንጀራውና ከቀረው ፍጥረት ጋር ያለው ግንኙነት የተሰበረበት ሁኔታ ነው ይላል። ስለዚህ ረጂውም ድኻ ነው። የረጂው ድኽነት ራሱን በአምላክ ቦታ ማስቀመጡ፣ የተረጂው ደግሞ ራሱን ከሰው በታች ማየቱ ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን በሽታ ያባብሳል። በእኔ ግምት የመጽሐፉ ትልቁ ስጦታ ይህ ትንታኔ ነው። ከውድቀት ትምህርት የተነሣ ስለሆነ ከመድረክም ሊሰበክ ይችላል።

ሰባተኛው ምዕራፍ ስለ አጭር ጊዜ ተልእኮ ነው። ጸሐፊዎቹ እንዳሰፈሩት፣ በ1989 እ.ኤ.አ. 120 ሺህ ገደማ የነበሩት አሜሪካውያን ተጓዦች በ2006 እ.ኤ.አ. ወደ 2.2 ሚሊዮን ደርሰዋል። ምክራቸው ጤናማ ነው፦ ስትሄዱ ለመማር ሂዱ፤ የአገሩ ሰው ሊሠራው የሚችለውን አትሥሩለት፤ ወጪውን አስሉ። ይህን ሁሉ የሚናገሩት ግን ሻንጣ ለሚያዘጋጀው ሰው ነው። በር ከፍቶ ለሚቀበለው አጥቢያ የተጻፈ ቃል ጥቂት ነው። ይህን ጉድለት በክፍል ውስጥ ሳነብ ልብ አላልሁትም ነበር። ያየሁት ከመልካ ጀብዱ ከተመለስሁ በኋላ፣ ምዕራፉን ለሁለተኛ ጊዜ ሳነብ ነው።

መልካ ጀብዱ ከድሬዳዋ መሐል ከተማ በስተ ምዕራብ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በሚገኝበት በኩል ያለች ናት። ሥራ ፍለጋ የመጡ ወጣት ሴቶች አሉባት፤ ከዓረብ አገር ተመልሰው እንደገና ኑሮ የጀመሩም አሉ። በተማሪነቴ የክረምት ልምምድ ባደረግሁባት፣ ስሟን በማልጠቅሳት አንዲት አጥቢያ፣ ለእነዚህ ልጆች የልብስ ስፌት ሥልጠና ይሰጥ ነበር። ለሁለት ሳምንት ከውጭ የመጣ ቡድን ነበረ፤ ግማሾቹ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች እዚያው የተወለዱ ወጣቶች ናቸው። ልበ ቅን ልጆች ነበሩ፤ ሙቀቱን ችለው ግድግዳ ቀቡ፣ ከልጆቹ ጋር ቡና ጠጡ፣ ጸለዩ። በእነርሱ ላይ የምለው የለኝም።

በመጨረሻው ሐሙስ የምስክርነት ፕሮግራም ተያዘ። አንዲት ሠልጣኝ በኦሮምኛ ትናገራለች፣ አንድ ወንድም ወደ አማርኛ ይመልሰዋል፣ እኔ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ። ወደ አዳራሹ ስንገባ ልጅቷ በአማርኛ ጠጋ ብላ ጠየቀችኝ፤ እንደ ድሬ ልማድ «አንተ» እያለች፦ «ሰዓቱ አጭር ነው ብላችኋል። የማለቅስበትን ቦታ ልንገራቸው ወይስ ልዝለለው? ምን ትላለህ?» ለሌሎች እንግዶች ቀደም ሲል ሦስት ጊዜ ተናግራው ነበር። የት ላይ እንደሚያለቅሱላት፣ የት ላይ ፎቶ እንደሚነሣ ታውቃለች። «ንገሪያቸው» አልኋት። ተናገረች፣ አለቀሰች፣ ሁላችንም አለቀስን። ለአጥቢያዋ ሦስት የስፌት መኪና ተገዛ።

በኮርቤትና በፊከርት መስፈርት ይህ ጉብኝት ብዙም የሚነቀፍ አይደለም። ቡድኑ ትሑት ነበር፤ ሥልጠናው የአጥቢያዋ ነው፤ መኪናዎቹም ዛሬ ድረስ ይሠራሉ። ያቺን ልጅ ወደ መድረክ ያወጣናት እኛ ነን፤ ኮሚቴው፣ መጋቢው፣ እኔ አስተርጓሚው። እንግዶቹ ምስክርነት እንዲሰሙ አልጠየቁም፤ «ደስ ይላቸዋል» ብለን ያቀድነው እኛ ነበርን። መጽሐፉ ስለ ነጩ ሰው ኩራት ብዙ ይላል። የእኛን መሸጥ ግን ስም አላወጣለትም።

«ምስክርነት የቤተ ክርስቲያን ልማድ ነው፤ ጌታም ደም ይፈስሳት የነበረችውን ሴት በሕዝብ ፊት አውጥቷታል» የሚለኝ አገልጋይ ይኖራል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ማርቆስ 5ን እስከ መጨረሻው እናንብበው። በአንዱ ምዕራፍ ሁለት ሴቶች አሉ፤ አንዷ 12 ዓመት የታመመች፣ ሌላዋ የ12 ዓመት ልጅ። የመጀመሪያዋ እውነቱን ሁሉ የተናገረችው በዘሌዋውያን 15 ምክንያት ለዓመታት ሲርቋት በኖሩት በገዛ አገሯ ሰዎች መካከል ነው። ነቀፌታው በአደባባይ ስለነበር መመለሷም በአደባባይ ሆነ፤ «ልጄ» ተብላም ሄደች። ሰሚዎቹ ነገም አብረዋት የሚኖሩ ናቸው። ወደ ኢያኢሮስ ቤት ሲደርስ ግን ጌታ የሚያለቅሰውን ሕዝብ አስወጣ። አባትና እናቷን፣ ሦስት ደቀ መዛሙርትንም ብቻ አስገባ። ከተነሣች በኋላ ማንም እንዳይሰማ አጥብቆ አዘዘ፤ የምትበላው እንዲሰጧትም ተናገረ። በማርቆስ ስላለው «የመሲሑ ምስጢር» ከቭሬደ ጀምሮ የሚደረገውን ክርክር አውቃለሁ፤ ትእዛዙን ሁሉ ለልጅቷ ክብር ሲባል የተሰጠ አላደርገውም። ይሁን እንጂ ለአልቃሾች በሩ መዘጋቱና ለልጅቷ ምግብ መታዘዙ በዚያ ምስጢር ብቻ ተተርጉሞ አያልቅም። እኛ በዚያ ሐሙስ ያደረግነው ተቃራኒውን ነበር፤ አልቃሾቹን አስገብተን በሩን ከፈትን። ሰሚዎቹም እሑድ ማታ በረሩ።

ባለቤት እንግዳን በራሱ ቃል ሊያናግር እንደሚችል ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1972 እ.ኤ.አ.፣ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ጊዜ፣ በወንጌል ስብከትና በሰብአዊ ልማት መካከል ስላለው ግንኙነት ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የላከችውን ደብዳቤ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። የሚጠቀሰው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሁለንተናዊ አገልግሎት ስናስተምር ነው። እኔ ግን በአስተናጋጅ እጅ የተጻፈ ሰነድ አድርጌ አነበዋለሁ። ተቀባይዋ ቤተ ክርስቲያን ለሰጪዎቿ፦ ገንዘባችሁ የሚከፋፈልበት መስፈርት ሰውን ከሁለት ይከፍለዋል፤ ለእኛ የሚያስፈልገንን እኛ እንንገራችሁ አለች። ስጦታ እየተቀበለች ነው ይህን ያለችው። «መርዳት ሲጎዳ» ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ላይ ቢነበብ የጎደለው ግማሹ ይሟላለት ነበር።

የካትሪን ሃምሊንን «ዘ ሆስፒታል ባይ ዘ ሪቨር» በዚሁ ጥያቄ ማንበብ ይጠቅማል። ጆን ሊትል በጸሐፊነት ያገዛቸው ይህ ግለ ታሪክ በ2001 እ.ኤ.አ. ወጣ። አማኞቹ ሐኪሞች ባልና ሚስት፣ ሬጂናልድና ካትሪን፣ በ1959 እ.ኤ.አ. ወደ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሲመጡ ውላቸው የሦስት ዓመት ነበር። በወሊድ ጉዳት በፊስቱላ የታመሙና ከሰው የተገለሉ ወጣት ሴቶችን አይተው ቀሩ፤ በ1974 እ.ኤ.አ. የፊስቱላ ሆስፒታሉን ከፈቱ፤ ካትሪን በ2020 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ አረፉ። ዛሬ ሐረር ላይ ከቅርንጫፎቹ አንዱ አለ፤ ከድሬዳዋ ብዙ አይርቅም። አንባቢ ከመጽሐፉ «ብዙ ዓመት ቆዩ» የሚለውን ይዞ ይወጣል፤ ለሁለት ሳምንት እንግዳ ግን ይህ ወቀሳ እንጂ መንገድ አይሆንም። እኔን የያዘኝ የማሚቱ ጋሼ ነገር ነው። በሽተኛ ሆና መጣች፤ ከዳነች በኋላ አልጋ ከማንጠፍ ጀምራ በቀዶ ጥገናው ክፍል መርዳት ቀጠለች፤ መደበኛ ትምህርት ሳይኖራት የፊስቱላ ቀዶ ሐኪም ሆነች። በ1989 እ.ኤ.አ. የለንደን ሮያል ኮሌጅ ኦቭ ሰርጀንስ ለእርሷና ለሃምሊኖች የወርቅ ሜዳልያ ሰጠ። የተፈለገው ታሪኳ ሳይሆን እጇ ነበር።

ነገሩን ግን አላቀልለውም። ያው ሆስፒታል ገንዘብ ያገኘው የሴቶቹ ታሪክ ስለተነገረ ጭምር ነው፤ ግለ ታሪኩም ይህንኑ ይሠራል፤ በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው «ኤ ዎክ ቱ ቢውቲፉል» የተባለው ዘጋቢ ፊልምም እንዲሁ። ታሪክ ሳይሰማ የሚሰጥ ጥቂት ነው። ሦስቱ የስፌት መኪናዎችም ያለዚያ ሐሙስ አይመጡም ነበር፤ አሁን በእነርሱ ላይ የሚሠለጥኑ ልጆች አሉ። ይህን ሒሳብ ኮርቤትና ፊከርት አልሠሩልኝም፤ እኔም ጨርሼ አልሠራሁትም። አንድ ነገር ብቻ እለያለሁ፦ ታሪኩን የምትናገረው ልጅ እምቢ ብትል ከሥልጠናው ምን ይጎድልባታል? በዚያ አዳራሽ «አልናገርም» ማለት እንደሚቻል ማንም አልነገራትም፤ ስትጠይቀኝም እኔ አልነገርኋትም።

እኛስ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ለአንድ ሳምንት ወደ ክፍለ ሀገር ስንወርድ? ቲሸርታችን ከፈረንጁ ቡድን የሚለየው በቋንቋው ብቻ ነው። ምዕራፉን በዚህ ዓይን ለሚያነብ ሴሚናሪስት፣ እንግዳም አስተናጋጅም ሆኖ ያገኘዋል።

የሚመጡ ቡድኖች ቀድመው የሚልኩት ቅጽ አለ። ስለ ማረፊያ፣ ስለ መኪና፣ ስለ ምግብ ይጠይቃል፤ ወደ መጨረሻው ገጽ ላይም ምስክርነት የሚሰጡ ልጆች ስንት እንደሚሆኑ የሚሞላበት ባዶ ቦታ አለው። በዚያ ክረምት «4» ብሎ የሞላው የእኔ እስክሪብቶ ነው።