ከእራፊ ጨርቅ የሚወጣ ጥበብ፦ ሰቆጣና የሰሜኑ ደጋ

እራፊ ጨርቅ ከሁለት ምንጭ ይገኛል፦ ከእርጅናና ከመቀስ። በዋግ ኽምራና በዙሪያው ባለው ደጋ የእራፊ ስፌት የያዘውን መልክ የወሰነው ይህ ልዩነት ነው። ሸማኔ ሸማውን የሚሠራው ሳይቆረጥ እንዲለበስ ነው። ሴቶች በእንዝርት የፈተሉት ጥጥ ድርና ማግ ሆኖ ከተሸመነ በኋላ ጨርቁ ጠርዝ ለጠርዝ ተገጥሞ ይሰፋል፤ ጋቢም በአራት ድርብ ይለበሳል። በዚህ አሠራር የሚተርፍ ቁራጭ እምብዛም ስለሌለ እራፊ የሚገኘው ልብሱ ሲያረጅ ነው። አቡጀዲና የፋብሪካ ጨርቅ ገበያውን ሲሞላ፣ የስፌት መኪናም በየከተማው ሲገባ፣ ገና ያላረጀ የመቀስ ትራፊ ተጨመረ።

ከእርጅና የሚገኘው እራፊ ዋና ውጤት ድሪቶ ነው። የዋግ ኽምራዋ ከተማ ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ሙቀት የሚይዝ ልብስ ያስፈልጋል። አካባቢው ድርቅ የተመላለሰበት በመሆኑ አዲስ ልብስ ለብዙ ቤተሰብ በቀላሉ የሚገኝ አልነበረም። የድሪቶ ብልሃት መደረብ ነው፦ በሳሳው ላይ እራፊ ይጣፋል፣ በእርሱም ላይ ሌላ ይደረባል፤ በድርቦቹ መካከል የሚቀረው አየር ሙቀት ይይዛል። መርፌው ድርቦቹን ሁሉ በአንድ ላይ ስለሚወጋ ስፌቱ ማያያዣም የገጽታ መስመርም ይሆናል። በሌሎች አገሮች በሥነ ጥበብነት የሚታየው የእራፊ ብርድ ልብስም የሚቆመው በዚሁ መርሕ ነው፤ የፊት ገጽ፣ የመሐል ሙሌትና ጀርባ በአንድ ስፌት ይያያዛሉ። ድሪቶ ግን የድህነት ምልክት ሆኖ በመኖሩ የቀለም አደራደሩ የሂስ ዓይን አላረፈበትም።

ያው ደጋ ለእራፊ ከፍ ያለ ክብር የሰጠበት ሌላ ሥራ አለ። በብራና መጻሕፍት ድጉሰት (የቆዳ ሽፋን ሥራ) ቆዳው የእንጨቱን ገበታ ካለበሰ በኋላ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ በውስጠኛው ገጽ መካከል ክፍት ሆኖ የሚቀረው አራት ማዕዘን በጨርቅ ቁራጭ ይሸፈናል። ለዚህ ከህንድ፣ ከአውሮፓና ከሌላም አገር የመጣ ሐር፣ ከፋይና ባለ አበባ ጥጥ ሳይቀር ይውል ነበር። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው የታሪክ ምሁር ማይክል ገርቨርስ እንደነዚህ ያሉትን ጨርቆች ለጥንቱ የንግድ ግንኙነት ማስረጃ አድርጎ አጥንቷል። ትንሿ ቁራጭ ከፈረሰ ልብስ ብትመጣም ቦታዋ ከተመረጠላትና በቆዳ ከተከበበች እንደ ሥዕል ትታያለች። ድሪቶን ከገበታው ጨርቅ የለየው የጨርቁ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ አንደኛው ለሰውነት፣ ሌላው ለቅዱስ መጽሐፍ መዋሉም ነው።

የቦታ ለውጥ የሚያመጣውን የግምት ለውጥ የአላባማው ጊስ ቤንድ በግልጽ ያሳያል። በዚያ የገጠር መንደር ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ካረጀ የሥራ ልብስ ጭምር የሰፏቸው ብርድ ልብሶች እ.ኤ.አ. በ2002 በኒው ዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ታዩ። መሰቀላቸው የቀለማቸውን ድፍረት አጎላ፤ ሙቀት የመስጠት ሥራቸውን ግን ከተመልካች ዓይን አራቀ። በኢትዮጵያ ደግሞ በ1968 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የተወለደው ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ ክር፣ ቁልፍና ጨርቅ በሸራ ላይ እየሰፋ ሰፋፊ ሥራዎችን አቅርቧል፤ ቆይቶም ወደ ተጣለ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ተሻግሯል። በእርሱ ሥራ የተራው የእጅ ስፌት ብዛትና ትዕግሥት ራሱ ቅርጽ ይፈጥራል። ጥንቃቄ የሚያሻው ግን ሠዓሊው ቁሳቁሱን የሚመርጥ ሲሆን ድሪቶ ሰፊዋ ያላትን የምትጠቀም መሆኗ ነው። ምርጫ መጥበቡ ጥበብን አያጠፋም፤ የቱ እራፊ ከየቱ አጠገብ ይሁን የሚለው ውሳኔ አሁንም የእርሷ ነው።

በሰቆጣ ዛሬ የእራፊ ሥራ ለመሥራት የሚነሣ ሰው ሁለቱንም ምንጮች በአንድ ላይ ያገኛል፤ ችግሩም ከዚህ ይጀምራል። የእጅ ፈትል ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል፤ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ግን ብዙም አይሰበሰብም። ሁለቱ ሳይታጠቡ ቢገጠሙ ስፌቱ ይጨማደዳል። ስለዚህ አስቀድሞ ማጠብ፣ ውፍረቱ የተቀራረበውን መለየት፣ የሳሳውን ከጀርባ በሌላ ጨርቅ መደገፍ ያስፈልጋል። በቀለም ረገድ የሸማው ነጭ ሰፊ ሜዳ ሲሆን የጥለቱና የፋብሪካው ጨርቅ ደማቅ ቀለም በልክ ሲገባበት ይጎላል።

እንዲህ ያለ ሥራ ሲመዘን ሦስት ነገሮች ሊጠየቁ ይገባል፦ ስፌቱ ድርቦቹን አጥብቆ ይይዛል ወይ፣ አደራደሩ ታስቦበታል ወይ፣ የጨርቁ የቀድሞ አገልግሎት በሥራው ውስጥ ይነበባል ወይ። በእነዚህ መመዘኛዎች ድሪቶና የሙዚየም ሥራ በአንድ ሚዛን ሊቀመጡ ይችላሉ። የድሪቶን ውበት መመስከር ድህነትን ማሞገስ አይደለም፤ ባለሙያዋ በችግር ውስጥም ያሳየችውን ዕውቀት በስሙ መጥራት ነው።