ሁለት ፀጉር የምታክል ደም ስር

የልብ ቀዶ ሕክምና ሲደረግ የምትጣል ቁራጭ ሥጋ አለች። ሐኪሞቹ የልብንና የሳንባን ሥራ ወደሚተካው ማሽን ደም የሚወስደውን ቱቦ ለማስገባት ከልብ የላይኛው ክፍል፣ ጆሮ ከሚመስለው ጫፍ ላይ፣ ቆረጥ አድርገው ያነሷታል። በአሜሪካ ሚልዋኪ፣ በዊስኮንሲን የሕክምና ኮሌጅ፣ ዴቪድ ጉተርማንና ባልደረቦቹ እንዲህ ያለችውን ቁራጭ ተቀብለው በማይክሮስኮፕ እያዩ ከውስጧ ደም ስር ይፈለቅቃሉ። የስሯ ስፋት 0.15 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ጎን ለጎን የተኙ ሁለት ፀጉሮችን ታክላለች።

የእጅ ጥበቡ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ስሯ በሁለት ጫፎቿ፣ በእሳት ተስበው በቀጠኑ የብርጭቆ ቱቦዎች ላይ ትጠለቃለች፤ ከፀጉር በቀጠነ ክርም ትታሰራለች። ቋጠሮው ከላላ ፈሳሹ ያፈተልካል፤ ከጠበቀ ስሯ ትበጠሳለች። ቱቦዎቹ ከየራሳቸው የፈሳሽ ማጠራቀሚያ ጋር ይገናኛሉ። አንዱ ማጠራቀሚያ ከፍ ሲል ሌላው በዚያው ልክ ዝቅ ይደረጋል፤ በስሯ ውስጥ ያለው ግፊት ሳይነካ ፈሳሹ መፍሰስ ይጀምራል። ግፊትና ፍሰት አብረው የሚሄዱ ነገሮች ናቸው፤ እነሱን ለመነጣጠል ከፍ ዝቅ የሚሉ ሁለት ዕቃዎች መብቃታቸው እኔን እስካሁን ያስደንቀኛል። የብርጭቆዎቹ ጫፎች እኩል ካልሆኑ ግን ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው።

ፈሳሹ ሲዳብሳት ጤነኛዋ ስር ትሰፋለች። ውስጧን የሸፈነው አንድ ረድፍ ሕዋስ ፍሰቱን አውቆ ጡንቻዋን የሚያላላ ኬሚካል ይለቃል። ሮበርት ፈርችጎት በ1980 እ.ኤ.አ. ያንን ሽፋን ከጥንቸል ደም ስር ላይ ሲፍቀው ስሩ አሴቲልኮሊን በተባለ ኬሚካል መላላቱን እንደሚተው አሳየ፤ በ1998 ከሁለት ሰዎች ጋር ኖቤልን የተጋራው ከዚያ በተነሳ ሥራ ነው።

ልብ ያለዚህ መስፋት አይሆንለትም። አርፎ እያለ እንኳ ከሚደርሰው ደም ውስጥ አብዛኛውን ኦክስጅን ስለሚጠቀም፣ ዳገት ስንወጣ ያለው መላ ተጨማሪ ደም ማስገባት ነው። የስሯ ስፋት በ20 በመቶ ቢጨምር፣ ሌላው ሁሉ ባለበት ሆኖ፣ ፍሰቱ እጥፍ ይሆናል።

እርጅና ሲመጣስ? ስሯ መስፋት ታቆማለች ብሎ መገመት ይቀላል። እነጉተርማን ግን ከልብና ከስብ የወጡ ስሮችን ይዘው፣ ኬሚካሎቹን አንድ በአንድ በመድኃኒት እያገዱ ፈተሹ። በ2017 እ.ኤ.አ. ያወጡት ውጤት ይህ ነው፦ በልጆች ላይ ዋናው ሠራተኛ ፕሮስታሳይክሊን የተባለው ኬሚካል ነው። በወጣቶች ከናይትሪክ ኦክሳይድ ጋር ሥራውን ይጋራል፤ ከ55 ዓመት በላይ ሆነው የልብ ደም ስር በሽታ በሌለባቸው ላይ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይረከባል። የልብ ደም ስር በሽታ ባለባቸው ደግሞ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ይተካል፤ አዎ፣ ለቁስል ማጠቢያ ከፋርማሲ የሚገዛው። ስሯ አሁንም ትሰፋለች።

መላ አታጣም፤ ቢሆንም ልዋጩ እኩል አይደለም። ናይትሪክ ኦክሳይድ ስሯን ከማስፋት አልፎ ደም እንዳይረጋና ግድግዳዋ እንዳይቆጣ ይጠብቃል። ፐርኦክሳይድ ሲበዛ ሕዋስ ያውካል።

እነዚህ ጥቃቅን ስሮች በአንጂዮግራፊ፣ ማለትም በደም ስር ራጅ፣ አይታዩም። ደረቷን የሚያማት ሴት ትልልቆቹ ቱቦዎች ንጹህ ናቸው ተብላ ወደ ቤቷ ልትሸኝ ትችላለች። ጠለቅ ብሎ የሚፈልግ ሐኪም ግን ቀጭን ሽቦ ወደ ልብ ደም ስር አስገብቶ አዴኖሲን የተባለ ደም ስር የሚያሰፋ መድኃኒት ይሰጥና ፍሰቱ በስንት እጥፍ እንደጨመረ ይለካል፤ ከ2 እስከ 2.5 እጥፍ መድረስ ካቃተው፣ ጥርጣሬው በማይታዩት ላይ ይወድቃል።