የጋራ ባለአክሲዮንና የአየር መንገዶች የዋጋ ውድድር፤ ስለ አንድ ጥናት የቀረበ ትችት

በአንድ ገበያ ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት ወፍጮ ቤቶች አሉ እንበል፤ አንድ ሰው በሁለቱም እኩል ድርሻ አለው። አንደኛው የማስፈጫ ዋጋ ቀንሶ የሌላውን ደንበኛ ቢወስድ ይህ ሰው በቀኝ ኪሱ ያገኘውን ከግራ ኪሱ ያጣዋል፤ ዋጋውም ስለ ወረደ በድምሩ ይጐዳል። ስለዚህ ውድድሩ ባይጠነክር ይመርጣል። ሮተምበርግ የተባለው የኤኮኖሚ ሊቅ ይህን ሐሳብ በ1984 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በሒሳብ አስረድቶት ነበር፤ ነገር ግን ለብዙ ዘመን ከመደርደሪያ አልወረደም።

ወደ ክርክር አደባባይ ያወጡት ሆሴ አዛር፥ ማርቲን ሽማልዝና ኢዛቤል ቴኩ ናቸው። ስለ አሜሪካ የአገር ውስጥ በረራ የጻፉት ጥናት በ2018 ጆርናል ኦፍ ፋይናንስ በተባለው መጽሔት ታተመ። ጸሐፊዎቹ ከ2001 እስከ 2014 ያለውን የቲኬት ዋጋ በየመሥመሩ መርምረዋል። እንደ ብላክሮክና ቫንጋርድ ያሉ የሕዝብ ቁጠባ የሚያስተዳድሩ ድርጅቶች የተፎካካሪዎቹን ኩባንያዎች አክሲዮን በአንድነት በመያዛቸው ዋጋው ከ3 እስከ 7 በመቶ ከፍ ብሏል ይላሉ። እኛም ይህን ቍጥር በመዠመሪያ ባየን ጊዜ ነገሩ ያለቀለት መስሎን በክፍል ውስጥ አጥብቀን ተከራክረንለታል። ዛሬ ያን ያህል አንደፍርም።

ችግሩ ከመለኪያው ላይ ነው። መለኪያቸው የተሠራው ከሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው አክሲዮኑን ማን ያዘ የሚለው ሲሆን ሁለተኛው በመሥመሩ ላይ እያንዳንዱ አየር መንገድ ያለው የመንገደኛ ድርሻ ነው። የመንገደኛ ድርሻ ግን ከዋጋ ጋር አብሮ የሚወለድ ነገር ነው። አንድ ኩባንያ በአንድ መሥመር ላይ ቢበረታ፥ ከባለአክሲዮኖቹ አንድ ስንኳ ሳይለወጥ፥ ዋጋውም መለኪያውም በአንድ ጊዜ ሊንቀሳቀሱ ይችላሉ። ፓትሪክ ዴኒስ፥ ክሪስቶፈር ጄራርዲና ካሮላ ስኬኖኔ በ2022 በዚያው መጽሔት ያመለከቱት ይህንኑ ነው፤ ከዋጋው ጋር የሚሄደው የገበያው ድርሻ እንጂ ባለቤትነቱ አይደለም አሉ። ደግሞም በተጠኑት ዓመታት ዩናይትድ፥ ዴልታ፥ ኖርዝዌስትና አሜሪካን በየተራ በኪሳራ ምክንያት በፍርድ ቤት ጥበቃ ሥር ነበሩ። በዚያን ጊዜ የባለአክሲዮን ቃል ምን ያህል ይሰማል? ለዚህ በሚሰጠው ግምት ውጤቱ ይለዋወጣል።

ሆኖም ፍርድ እንዳናጓድል የሚጠነክረውን ክፍላቸውን እንናገር። ብላክሮክ በ2009 የባርክሌይስን የገንዘብ አስተዳደር ድርጅት ገዛ። የገዛውም ስለ አየር መንገድ ብሎ አይደለም፤ ስለዚህ የባለቤትነቱ ለውጥ ከመሥመሮቹ ጠባይ የመጣ አይደለም። ይህን እንደ ፈተና መጠቀማቸው ብልኀት ነው። ችግሩ ዘመኑ ጸጥ ያለ አለመሆኑ ነው፤ ዴልታና ኖርዝዌስት በ2008፥ ዩናይትድና ኮንቲኔንታል በ2010 ተዋሐዱ፤ በመካከሉም የገንዘብ ቀውስ ነበረ። ከ2014 በኋላም ሌላ ፈተና ሊገኝ ይችል ነበር፤ የዋረን ባፌት ኩባንያ በ2016 በአራቱ ታላላቅ አየር መንገዶች ገብቶ በ2020 ከአራቱም ወጣ። ነገር ግን የወጣው ወረርሽኙ አውሮፕላኖቹን መሬት ባስቀመጠበት ሰሞን ነውና ከዚያ ስለ ዋጋ ምን ይነበባል!

ተቺዎቹም ቢሆኑ በጽሑፋቸው ርእስ ላይ በአየር መንገዶች ዘንድ የጋራ ባለቤትነት ውድድርን አይጐዳም ብለው መደምደማቸው ለእኛ ይበዛብናል። ሚዛኑ ልክ አይደለም ማለት ሸክሙ ቀላል ነው ማለት አይደለምና። እኛ የምንጠይቀው ሌላ ነው። ብላክሮክ ለሥራ አስኪያጁ ስልክ ደውሎ የዚህን መሥመር ዋጋ አታውርድ ይላል ብሎ የሚያምን ማን ነው? ባለቤት ግን አትወዳደር ሳይል ተወዳደር ብሎ ሳይገፋ ሊቀር ይችላል። ይህ የሚታየው በቲኬት ዋጋ ሳይሆን በሥራ አስኪያጁ የደመወዝ ውል ላይ ነው። ሽማልዝ ከአንቶን፥ ከኤደረርና ከጂኔ ጋር በ2023 ያሳተመው ጥናት ወደዚህ መዞሩን እናደንቃለን። የጋራ ባለአክሲዮን በበዛባቸው ዘርፎች የአስኪያጆች ሀብት ከኩባንያቸው ውጤት ጋር ያለው ግንኙነት የላላ መሆኑን ያሳያሉ። የአስኪያጁ ጥቅም ከላላ ወጪ ለመቀነስና ገበያ ለመንጠቅ መትጋቱም ይላላል። እኛ እንደሚመስለን ክርክሩ ከዚህ መዠመር ነበረበት።

ይህ ሁሉ የቃል ጨዋታ አይደለም። ፖዝነር፥ ስኮት ሞርተንና ዋይል ያቀረቡት የሕግ ሐሳብ እንዲህ ያለው ባለሀብት ጥቂት ኩባንያዎች በገነኑበት ዘርፍ ከ1 በመቶ በላይ እንዳይዝ፥ ወይም አንዱን ኩባንያ ብቻ እንዲመርጥ፥ አለዚያም ከድምፅና ከምክር ፈጽሞ የራቀ ፈንድ እንዲሆን የሚል ነው። አሜሪካዊት መምህርት ለጡረታዋ ሁሉንም አክሲዮን በጥቂት ክፍያ የምታገኘው በእነዚሁ ፈንዶች ነው፤ በበዓል ጊዜ ወደ ቤተ ሰቧ ስትበር ቲኬቱን የምትገዛውም እርስዋው ናት። መለኪያው ካሳተን በአንድ እጅዋ የምትቀበለውን በሌላው እናስጥላታለን። ከሦስቱ አማራጮች ደግሞ ለአሳቢው የሚቀለው ሦስተኛው ነው፤ ነገር ግን የሚያሠጋው ነገር የባለቤት ዝምታ ከሆነ፥ ባለቤቱን በሕግ ዝም ማሰኘት እንዴት መድኀኒት እንደሚሆን ሦስቱ ጸሐፊዎች አላስረዱንም።