ከግቢው በር ወዲያ ያለችው ሐዋሳ

ሐዋሳ አራት ዓመት የተማረን ሰው ስለ ከተማይቱ ጠይቁት። መልሱ በሦስት ቃላት ያልቃል፤ ሐይቅ፣ ዓሣ፣ ባጃጅ። እኔም ከእነዚያ ተመራቂዎች አንዱ ነኝ። ከግቢ በር ባጃጅ ይዤ ፒያሳ እወርድ ነበር፤ ከፒያሳ ሌላ ባጃጅ ይዤ ፍቅር ሐይቅ። በመካከል ያለውን ሁሉ የማየው ከባጃጁ ሸራ ሥር፣ በሁለት ተሳፋሪዎች ትከሻ መካከል ነው፤ ማየት ከተባለ። ባለፈው ወር ከብዙ ዓመታት በኋላ ተመልሼ ሦስት ቀን ሙሉ በእግሬ ዞርኩባት። መኪና የለኝም፤ ባጃጅም ሆን ብዬ ተውኩ።

ከተማ ላይ ሂስ መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ነገር ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከተማም እንደ መጽሐፍ ሰው አስቦ የሠራው ነገር ነው፤ ያማረውን አምሯል፣ የተበላሸውን ተበላሽቷል ሊባል ይገባዋል። ሐዋሳ ደግሞ ከብዙዎቹ ከተሞቻችን ይልቅ የታሰበባት ናት። በ1952 ዓ.ም. ገደማ ስትቆረቆር መንገዶቿ ተነድፈው፣ ቀጥ ብለው፣ እርስ በርስ እየተሻገሩ ነው የተዘረጉት። እንደ አዲስ አበባ ዳገት ወጥተው ቁልቁል የሚወርዱባት አይደለችም፤ መሬቷ ሜዳ ነው። ብስክሌት ስሟን ያስጠራላት ለዚህ ነው። ከቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያንና ከሱሙዳ አደባባይ ተነስቶ ፍቅር ሐይቅ ለመድረስ ቀስ ብሎ ለሚራመድ ሰው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ መንገዱም አንድ ነው፣ መጥፋት የለም። ለእግረኛ ከዚህ የተሻለ ምን ይሠራለታል? እኔ ግን አራት ዓመት ሙሉ ለዚህ መንገድ ባጃጅ ከፍዬበታለሁ!

እንግዲህ ምስጋናው እዚህ ላይ ይብቃና ወደ ሐይቁ እንሂድ። ከፍቅር ሐይቅ ጀምሮ በውሃው ዳር በተሠራው መከላከያ ላይ መራመድ ትልቅ ደስታ ነው። በአንድ ወገን ቄጠማና ጀልባ፣ በሌላው ሾላና ጉሬዛ። ችግሩ የሚጀምረው ሰው በዳርቻው እየዞርኩ እቀጥላለሁ ብሎ ሲነሳ ነው። ጥቂት ይኬድና ግንብ ይመጣል። ወደ አስፋልቱ ይመለሷል፤ ግንቡን ተከትለው ይዞሩታል፤ እንደገና ወደ ውሃው ሲወርዱ ሌላ ግንብ ይጠብቃል። በአንዱ ሆቴል በር ላይ ዘበኛው ምን ልታዘዝ እንደመጣሁ ጠየቀኝ። ሐይቁን ላይ ነው አልኩት። ሐይቁን ለማየት ቢያንስ ቡና ማዘዝ ያስፈልጋል አለኝ፤ በትሕትና ነው ያለኝ፣ አልተቀየምኩትም። ሆቴል መሠራቱን አልቃወምም፤ ከተማዋ በእንግዳ የምትኖር ናት። ነገር ግን ስሟ በሐይቅ የሚጠራ ከተማ ሐይቋን በቡና ዋጋ የምታሳይ ከሆነ፣ ነዳፊዎቿ ቀጥ አድርገው ወደ ውሃው የላኩት መንገድ ሥራው ምን ሊሆን ነው?

በእግር የሄደ ሰው ሌላም የሚያየው አለ። የዝናብ ውሃ መውረጃ ቦዮቹ ወዴት እንደሚሄዱ ያያል። ሐዋሳ ሐይቅ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። ከተማዋ ወደ ቦዮቿ የምትጥለው ፌስታልና የምትደፋው እጣቢ እየተጓዘ የሚያልፍበት ሌላ አገር የለውም፤ መጨረሻው እዚያው ነው። ይህን በትምህርት ቤት ካርታ ላይ አይቼዋለሁ፤ የገባኝ ግን ቦዩን ተከትዬ ስሄድ ነው።

አሞራ ገደል በማለዳ መሄድ ያስፈልጋል። እኛ ተማሪ ሳለን የምንሄደው እሑድ ከሰዓት ነበር፤ ያኔ የምናገኘው የተጠበሰ ዓሣና የጓደኛ ወሬ ብቻ ነው። ሲነጋ ግን ሥራውን ታያላችሁ። ጀልባዎቹ ይደርሳሉ፣ መረብ ይራገፋል፣ ልጆች በሚያስደንቅ ፍጥነት ቆሮሶውን ይገፉታል፣ አባ ኮዳዎቹ እንደ ሽማግሌ አንገታቸውን ቀብረው አንጀቱን ይጠብቃሉ። ከጎን ሾርባው ይፈላል። ጥሬውን በዳጣ የሚበሉም አሉ፤ እኔ አልደፈርኩም። አንድ ነገር ግን ዓይኔን ወጋው፤ ብዙው ቆሮሶ ከመዳፍ አይበልጥም። አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ ዓሣ አስጋሪ፣ «ልጄ፣ ይኸ እኮ ገና ልጅ ነው» አሉኝ፤ ከዚያ ዞር ብለው የራሳቸውን መረብ ማራገፍ ቀጠሉ። እሳቸውም ያንኑ ነበር የያዙት።

አሁን ወደ ጉዱማሌ። በተማሪነቴ ይህን ስም የማውቀው ባጃጅ ነጂዎች ሲጠሩት ነው፤ መውረጃ ነው፣ አለቀ። ቃሉ ግን የሲዳምኛ ሲሆን በሲዳማ ባህል የጋራ ግጦሽና የጋራ መሰብሰቢያ የሆነውን ሜዳ ያመለክታል። ዛሬ በሐዋሳ በዚህ ስም የሚጠራው ሥፍራ፣ አያንቱዎች ኮከብ ቆጥረው ቀኑን ከወሰኑ በኋላ ሲዳማ የዘመን መለወጫውን ፊቼ ጨምባላላን በቄጣላ የሚያከብርበት ነው። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። ከተማይቱ ከመቆርቆሯ በፊት ይህ ሁሉ አገር አዳሬ ይባል ነበር፤ የሲዳማ ከብት ይሰማራበት ነበር። ቀጥ ያሉት መንገዶች ባዶ ሜዳ ላይ አልተሠመሩም። ከመጀመሪያዎቹ ሠፋሪዎች መካከል ጡረታ የወጡ ወታደሮች እንደነበሩ እናውቃለን፤ ቀድሞ የነበረው ባለ መሬት የት ሄደ ብለን ግን በክፍል ውስጥ አልጠየቅንም። ከዚያ በ2010ና በ2011 ዓ.ም. በከተማይቱ ደም ሲፈስ፣ ኅዳር 10 ቀን 2012 ሲዳማ ክልል ለመሆን ድምፅ ሲሰጥ፣ የቀድሞ የግቢ ጓደኞቼ ስልክ እየደወሉ «ያቺ ፍቅር የሆነች ከተማ ምን ነካት?» ይሉኝ ነበር። እኔም እንደነሱ ግራ ገብቶኝ ነበር። የምናውቃት ከተማ በሁለት የባጃጅ መውረጃዎች መካከል የነበረችው ናት፤ እሷ ደግሞ ምንም አልነገረችንም።

በእርግጥ ጥፋቱ የተማሪው ብቻ አይደለም። የእርሻ ኮሌጁ በ1968 ዓ.ም. ሲከፈት፣ ዩኒቨርሲቲውም በ1992 ሲቋቋም፣ አጥርና በር የተሰጣቸው እንደ ማንኛውም የመንግሥት ግቢ ነው። ምግቡ ውስጥ፣ መኝታው ውስጥ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ። የቀረው መዝናኛ ነውና ከተማዋ መዝናኛ ሆነች። በሰሌዳ ላይ በላቲን ፊደል የተጻፈውን ሲዳምኛ አማርኛው አጠገቡ ስላለ አላነበብነውም።

ማምሻውን ታቦር ተራራ ወጣሁ። ከላይ ሐይቁ፣ ከተማው፣ ወዲያ ደግሞ አላሙራ ይታያል፤ ፎቶግራፉን ሁሉም ሰው ስለሚያውቀው አልደክምበትም። ይልቅ ቁልቁል ስወርድ ከሥራ የሚመለሱ ወጣት ሴቶች አገኘሁ፤ ሦስት አራት እየሆኑ፣ የምሳ ዕቃቸውን በፌስታል ይዘው። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ከገጠር ብዙ እንደነሱ ያሉ ልጆችን ወደ ከተማ አምጥቷል። በ2014 ኢትዮጵያ ከአጎዋ ስትታገድ በሺዎች የሚቆጠሩት ሥራ አጥተዋል፤ የቀሩት አንድ ክፍል ቤት በጋራ ተከራይተው ይኖራሉ። ዕድሜያቸው የግቢው ተማሪ ዕድሜ ነው። ከተማዋን ግን ከእሱ ይልቅ ያውቋታል፤ ኪራይ የት እንደሚረክስ፣ የትኛው መንገድ መብራት እንደሌለው፣ ሲመሽ በየት እንደማይኬድ። ሐዋሳን እንዲያስጎበኘኝ ሰው ብመርጥ ከእነሱ አንዷን በመረጥኩ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ወደ ድሮው ግቢዬ በር ሄድኩ። መጽሐፍ የያዘ ልጅ ቆሞ ባጃጅ ይጠብቃል። ከዚህ ጉዱማሌ በእግር በየት በኩል ይሻላል ብዬ ጠየቅሁት። ከእግር እስከ ራሴ አየኝና፣ «ጋሼ፣ ባጃጅ አለ እኮ» አለኝ።