ልብን የሚያንጠለጥለው ምንድን ነው?

በሲኒማ ቤት በር ላይ፣ በወረዳ ከተማ ቪዲዮ ቤት ግድግዳ ላይ፣ በመጽሐፍ አዟሪ እጅ ላይ አንድ ቃል ደጋግማችሁ ታያላችሁ፤ «ልብ አንጠልጣይ»። አንዳንዱ «ልብ ሰቃይ» ይለዋል። ሌላው ከእንግሊዝኛው እንዳለ ወስዶ «ትሪለር» ብሎ ይለጥፋል። ሽጉጥ ከታየበት ትሪለር ነው። መኪና መኪናን ካሳደደ ትሪለር ነው። ሽፋኑ ላይ ጥቁር ካፖርት የለበሰ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ከቆመ፣ ውስጡ ምንም ይሁን ምን ልብ አንጠልጣይ ነው።

ይህ ቃል በወጣቶች ኅብረታችን ውስጥም ገብቶ ሰው ያከራክራል። አንዱ ወንድም «ትሪለር ለአማኝ አይሆንም» ይላል። ሌላዋ እህት «ችግሩ ምንድን ነው? ጊዜ ማሳለፊያ ነው» ትላለች። ልብ ብላችሁ ካያችሁ ሁለቱም የተከራከሩት በተለጠፈው ቃል ላይ ነው፤ መጽሐፉን አልከፈቱትም፣ ፊልሙንም አልጨረሱትም። ስለዚህ በዚህ እትም ቃሉን ራሱን እንመርምረው። ምን ማለት ነው? ማን ነው የሚለጥፈው? እኛስ እንዴት እንፈትነው?

መጀመሪያ የተደባለቁትን እንለይ። አንድ ሰው ተገድሎ ተገኝቶ «ማን ገደለው?» ብለን ወደ ኋላ የምንጠይቅበት ታሪክ የምርመራ ታሪክ ነው፤ ኤድጋር አለን ፖ በ1841 እ.ኤ.አ. ካሳተመው አጭር ልብ ወለድ ጀምሮ የታወቀ መንገድ ነው። ልብ አንጠልጣይ ግን የሚጠይቀው ወደ ፊት ነው፤ «አሁን ምን ይደርስበት ይሆን?» ይላል። በምርመራ ታሪክ አደጋው ደርሷል። በልብ አንጠልጣይ አደጋው እየመጣ ነው። አስፈሪ ፊልም ደግሞ ሦስተኛ ነገር ነው፤ ድንገት ያስደነግጣችኋል፣ ትጮኻላችሁ፣ ያልፋል።

የፊልም አዘጋጁ አልፍሬድ ሒችኮክ ልዩነቱን በአንድ ምሳሌ ያስረዳ ነበር። ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ያወራሉ እንበል። ከጠረጴዛው ሥር ያለው ቦምብ ሳናውቀው ቢፈነዳ ለጥቂት ሰከንድ እንደነግጣለን። ቦምቡን ቀድመን አይተነው ሰዎቹ ግን ሳያውቁ ስለ ተራ ነገር ማውራት ቢቀጥሉ፣ ያ ተራ ወሬ ለደቂቃዎች ሙሉ ትንፋሽ ያሳጥረናል። «ተነሡ! ውጡ!» ልንላቸው እንፈልጋለን። የልብ አንጠልጣይ ምሥጢሩ እዚህ ላይ ነው፤ ቦምቡ ብቻውን አይበቃም። ከጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጡት ሰዎች የሚያሳስቡን ካልሆኑ ልባችን አይንጠለጠልም።

እንግዲህ «ልብ አንጠልጣይ» የሚለው ስም በታሪኩ ውስጥ ስላለው ዕቃ አይናገርም፤ በአንባቢው ልብ ላይ ስለሚሠራው ሥራ ነው የሚናገረው። እንዲህ ያለ ስም አወጣጥ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሊቃውንት የቅዱስ ያሬድን ዜማ በሦስት ይከፍሉታል፤ ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ። «አራራይ» የሚለው ስም ልብን ከማራራት ጋር የተያያዘ ነው፤ ዜማው በሰሚው ልብ ላይ በሚሠራው ነገር ተጠራ። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ሰሚውን የማያራራውን ዜማ አራራይ ብሎ የሚለጥፍ ነጋዴ የለም። ድጓ ተምሬያለሁ የሚል ሁሉም መምህር አይባልም። በደቡብ ጎንደር፣ ጋይንት ውስጥ የምትገኘው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ሌላ ቦታ የተማረው ሁሉ እዚያ ሄዶ በመምህሩ ፊት ዜማውን አስመርምሮ ነው የሚመሰከርለት። ስሙ ከፈተናው በኋላ ይመጣል።

በመጽሐፍና በፊልም ገበያ ግን ስሙ ከፈተናው በፊት ይመጣል። ለጣፊው ሻጩ ነው፤ ያነበበው ሰው ገና አልተገኘም። እስቲ በታወቁ ሁለት የአማርኛ መጻሕፍት እንፈትነው።

አንደኛው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ታተመ፤ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፣ በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ ሳይመለስ ቀረ። በ2025 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ሲወጣ ከተዋወቀባቸው ቃላት አንዱ «ትሪለር» ነበር። ስለላው፣ ጦርነቱ፣ አስመራ ላይ የሚዶለተው ሁሉ ስላለበት ለጣፊው አልዋሸም። ግን አስተውሉ። ታሪኩ የሚካሄደው በ1974ቱ የቀይ ኮከብ ዘመቻ ነው። መጽሐፉን በ1975 የገዛ አንባቢ ዘመቻው ናቅፋን እንዳልያዘ ያውቅ ነበር። ታዲያ መጨረሻው የታወቀ ዘመቻ እንዴት ልብ ያንጠለጥላል?

የሚያንጠለጥለን የዘመቻው ውጤት ስላልሆነ ነው። ጋዜጠኛው ጸጋዬ ለፕሮፓጋንዳ ሥራ ወደ አስመራ ይሄዳል። እጮኛው ሮማን አዲስ አበባ ቀርታለች፤ እሱ አስመራ ላይ ከፊያሜታ ጋር ፍቅር ይይዘዋል። ሌላውን ማሳመን ሥራው የሆነ ሰው እያየ የሚመጣው ነገር እርሱን ማሳመን እያቃተው ይሄዳል። ገጹን የምንገልጠው «ናቅፋ ተያዘች ወይ?» ብለን አይደለም። «ይህ ሰው ያየውን እንዳላየ ይሆን? ፊያሜታስ ምን ትሆን?» ብለን ነው። የመጽሐፉ ስም ራሱ ከጣሊያንኛ ወደ አስመራ ሰው አፍ የገባ፣ «አበቃ፣ አለቀ» ዓይነት ትርጉም ያለው ቃል ነው። ደራሲው መጨረሻውን ሽፋኑ ላይ ጽፎልን እንኳ ልባችንን አይለቀውም። «ልብ አንጠልጣይ» የሚለው ስም ለዚህ መጽሐፍ ይገባዋል፤ ግን በሰላዮቹ ምክንያት አይደለም። በአንድ ሰው ኅሊና ምክንያት ነው።

ሁለተኛው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ነው፤ በ2001 ዓ.ም. ወጥቶ ደጋግሞ ታተመ፤ «ራማቶሓራ» እና «ዣንቶዣራ» ተከተሉት። የጣና ገዳማትን፣ የአገር ልጆች የሆኑ ሳይንቲስቶችን፣ የውጭ የስለላ ድርጅቶችን በአንድ ገመድ አስሮ ይሮጣል። መጽሐፍ ከእጁ ጥሎ የነበረውን ብዙ ወጣት ወደ ንባብ መልሷል፤ ይህን ውለታ መካድ ንፉግነት ነው። ጣናን የአሮጌ ታሪክ መቀመጫ ብቻ አድርጎ ያየ ሰው፣ የነገ ሳይንስ ከዚያው ሐይቅ ሲነሣ ማሰቡም ራሱ ድፍረት ነው።

ነገር ግን ስታነቡት ራሳችሁን ጠይቁ፤ የምንጓጓው ለማን ነው? ብዙ ጊዜ የምንጓጓው ምሥጢሩ ምን እንደሆነ ለማወቅ ነው። ምሥጢሩ ሲገለጥ ሌላ ምሥጢር ይተካል፤ ሰዎቹ ደግሞ ምሥጢሩን ተሸክመው ከቦታ ቦታ የሚያደርሱ ይሆናሉ። ለአገር እንሠጋለን፤ ለአንድ ሰው ግን እንቅልፍ አናጣም። እንደ እኔ ፍርድ «ዴርቶጋዳ» ጉጉትን በማጫር የተካነ መጽሐፍ ነው፤ ልብን በማንጠልጠል ግን «ኦሮማይ» ይበልጠዋል። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ይህን ልዩነት ይሸፍንብናል።

ስሙ ጭራሽ ያልተለጠፈበትም አለ። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ትሪለር ብሎ የጠራ ሰው አላውቅም። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ትውልድ ግን የሚቀጥለው ክፍል እስኪደርስ እንዴት ይጠብቅ እንደነበር ወላጆቻችሁን ጠይቁ። በዛብህና ሰብለ ወንጌል ይገናኙ ይሆን? አባትየው ፊታውራሪ መሸሻ ምን ያደርጉ ይሆን? ሽጉጥ የያዘ ሰላይ ሳይኖር ልብ ተንጠልጥሎ ይሰነብት ነበር። በተለጠፈው ቃል ብቻ የሚመርጥ አንባቢ ይህን መጽሐፍ «የፍቅር ታሪክ ነው» ብሎ ያልፈዋል።

አሁን ወደ ቅዱሱ መጽሐፍ እንምጣ። የሐዋርያት ሥራ 23ን ክፈቱ። ከ40 የሚበልጡ ሰዎች ጳውሎስን ሳይገድሉ እህል ውኃ እንዳይቀምሱ ይማማላሉ። የጳውሎስ የእኅቱ ልጅ ደባውን ይሰማል፤ ወደ ጦር ሰፈሩ ገብቶ ይነግረዋል። ሻለቃው ልጁን በእጁ ይዞ ለብቻው ገለል ያደርገዋል፤ ይሰማዋል፤ ለማንም እንዳይናገር ያዘዋል። በዚያው ሌሊት በሦስት ሰዓት 200 ወታደሮች፣ 70 ፈረሰኞችና 200 ጦረኞች አንድ እስረኛ አጅበው ከኢየሩሳሌም ይወጣሉ። ይህን ሲኒማ ቤት በር ላይ ብትለጥፉት ምን ትሉታላችሁ?

ሉቃስ ያደረገውን አስተውሉ። ደባው ከመነገሩ በፊት፣ በዚያው ምዕራፍ ቁጥር 11 ላይ፣ ጌታ በሌሊት በጳውሎስ አጠገብ ቆሞ በሮም ደግሞ ሊመሰክርለት እንደሚገባ ይነግረዋል። መጨረሻው አስቀድሞ ተነገረን። ጳውሎስ በኢየሩሳሌም እንደማይሞት እናውቃለን። ቢሆንም ያ ልጅ ወደ ሰፈሩ ሲገባ እንጨነቃለን፤ ያየው ይኖር ይሆን? ሻለቃው ያምነው ይሆን? የእግዚአብሔር ተስፋ ጭንቀቱን አላጠፋውም፤ ከተስፋ መቁረጥ ግን አዳነው። እንግዲህ «ልብ ማንጠልጠል በራሱ ዓለማዊ ነው» የሚለው ወንድማችን ይህን ምዕራፍ ምን ሊያደርገው ነው?

«ጊዜ ማሳለፊያ ነው» ለምትለዋ እህትም ጥያቄ አለ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ አይተሽ፣ ከሞቱት ውስጥ የአንዱን ስም እንኳ ካላስታወስሽ፣ ልብሽ ተንጠልጥሎ ነበር ወይስ ደንዝዞ? በሰው ነፍስ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ያለ ሐዘን ማየት የሚያስለምድ ፊልም፣ የተለጠፈበትን ስም የሚክደው ራሱ ነው። እንዲህ ያለውን አለማየት ይሻላል እላለሁ፤ የምለው ግን «ትሪለር ስለሆነ» ብዬ አይደለም፤ ትሪለር መሆን ስላቃተው ነው።

ደግሞ የራሳችንን ቤት አንርሳ። እኛም የምንለጥፈው ቃል አለን፤ «መንፈሳዊ»። መንፈሳዊ ፊልም፣ መንፈሳዊ ድራማ፣ መንፈሳዊ ልብ ወለድ። ይህ ቃል ከተለጠፈ ማንም አይመረምርም። በበዓል ቀን በአዳራሽ የሚታየው ድራማ ላይ ጠጪው ባል በመጀመሪያው ክፍል ይሰክራል፣ በሁለተኛው ይደባደባል፣ በሦስተኛው ተንበርክኮ ያለቅሳል፤ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ እንደሚንበረከክ እናውቃለን። የጳውሎስንም መጨረሻ እናውቅ ነበር፤ እዚህ ግን አንጨነቅም። ለምን? ደራሲው ለዚያ ሰው ስላልተጨነቀለት ነው። ሰውየው ለስብከቱ ምሳሌ ሆኖ ተጠራ፣ አገልግሎቱን ጨርሶ ወጣ። የሚስቱን ስም እንኳ አልሰማንም። ገበያውን «ያለ ፈተና ለጠፋችሁ» ብለን የምንወቅስ ከሆነ፣ ያው ወቀሳ እኛንም ይነካናል።

ስለ ሽፋንና ስለ ውስጥ አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህም ከዚያችው ከቤተ ልሔም ነው። ቶማስ ፓከናም የተባለ ወጣት ተጓዥ በ1955 እ.ኤ.አ. ወደዚያ ደርሶ ነበር፤ ጉዞውን በ1959 ባሳተመው መጽሐፍ ተርኮታል። ከውጭ የታየው በአገሩ እንደተለመደው ክብ፣ የሣር ክዳን ያለው ቤተ ክርስቲያን ነው። ከክዳኑ ሥር ሲገባ ግን በድንጋይ የታነጸ፣ ማዕዘን ያለው፣ የመካከለኛው ዘመን ሕንጻ ቆሞ አገኘ። በውጭ ክዳኑ ብቻ የፈረደ መንገደኛ አይቶት ያልፍ ነበር። የአካባቢው ሰዎች ግን ከትውልድ ትውልድ ሲገቡበት ስለኖሩ ውስጡን ያውቁ ነበር።

ስለዚህ ለኅብረታችሁ አንድ ሥራ ልስጥ። በሚቀጥሉት ሦስት ወራት አንድ መጽሐፍ ወይም አንድ ፊልም ምረጡ፤ ሽፋኑ ምንም ይበል። ሁላችሁም እስከ መጨረሻው አንብቡት ወይም እዩት፤ ሳይጨርስ የሚናገር አይኑር። ከዚያ ተቀምጣችሁ አራት ጥያቄ ጠይቁ። የፈራነው ለማን ነው? ስሙን እናስታውሳለን? መጨረሻውን ካወቅን በኋላ እንደገና ብናነበው ያስጨንቀናል? ከጨረስነው በኋላ በአጠገባችን ላለ ሰው፣ በችግር ውስጥ ላለ ጎረቤት፣ መጨነቅ ቀለለን ወይስ ከበደን?

ለአራተኛው ጥያቄ የምትሰጡት መልስ ከሁሉ ይበልጣል፤ ስለ ሌላ ሰው ልብን ማንጠልጠል ከመጽሐፉ ጋር የሚዘጋ ነገር አይደለምና። ያ የጳውሎስ የእኅቱ ልጅ የሰማውን ሰምቶ ዝም ማለት ይችል ነበር፤ ልቡ ስለ አጎቱ ስለተንጠለጠለ ተነሥቶ ሄደ። መልሳችሁን ስትጨርሱ ለመጽሐፉ የሚገባውን ስም ራሳችሁ አውጡለት። ሽፋኑ ላይ ካለው ጋር ከተስማማ መልካም፤ ካልተስማማ ግን የእናንተን ስም ምክንያቱን ጨምራችሁ ጻፉና ለዚህ መጽሔት ላኩልን።