አባ ሰንጋን በስም ማወቅና በሥራ መጠንቀቅ

ከከብት ወደ ሰው ስለሚተላለፉ በሽታዎች የሕዝቡን ዕውቀት ለመመዘን የሚዘጋጁ የጥናት ጽሑፎች ዛሬ ብዙዎች ናቸው። የአጥኚዎቹ ድካም የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ስለ አባ ሰንጋ በሚያቀርቧቸው ጥያቄዎች ላይ ያለንን አስተያየት ለመግለጽ እንወዳለን። ይህ በሽታ በትግራይና በዋግ ኽምራ በተደጋጋሚ የታየ ሲሆን፣ በቆዳ ላይ የሚወጣው ቁስሉ እንኳ ካልታከመ ከ100 ሕሙማን እስከ 20 የሚሆኑትን ሊገድል ይችላል።

የተለመደው የመጀመሪያ ጥያቄ «አባ ሰንጋ የሚባል በሽታ ሰምተው ያውቃሉ?» የሚል ነው። ስሙ ግን በከብት አርቢው ዘንድ ከአባት ከአያት የወረደ ስለ ሆነ፣ «አዎን» የሚለው መልስ የሚያስረዳው የቃሉን መታወቅ ብቻ ነው። ገበሬው በበሬው ላይ የሚያውቀውን በሽታ በገዛ እጁ ላይ ከወጣው ጥቁር ቁስል ጋር ማገናኘቱን ግን አይነግረንም።

ሁለተኛው ጥያቄ ከዚህ ይብሳል። «የሞተ ከብት ሥጋ ይበላሉ?» ሲባል ክርስቲያኑም ሙስሊሙም «አንበላም» ይላል። በክት በሁለቱም ሃይማኖት የተከለከለ ስለ ሆነ መልሱ እውነት ነው፤ ጠያቂውም በመልካም ዕውቀት መደብ ይመዘግበዋል። አደጋው ግን ያለው ከሞቱ በፊት ነው። በሬው ታምሞ ሲወድቅ፣ ሳይበክት ቢላዋ ይደርስለታል፤ ጎረቤትም ሥጋውን ተከፋፍሎ ለባለ ከብቱ ገንዘብ ያዋጣለታል። ልማዱ የመረዳዳት ልማድ ነው፤ ሆኖም የታመመው ከብት ሲታረድ ከደሙ ጋር የሚፈስሰው ባክቴሪያ አየር ሲያገኝ ስፖር ወደሚባል ጠንካራ መልክ ይለወጣል። ሮበርት ኮኽ በ1876 እ.ኤ.አ. ያስረዳው ይህ ስፖር በአፈር ውስጥ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ይቆያል፤ በተራ ማብሰልም ይሞታል ተብሎ አይታመንም። እንግዲህ በወረቀት ላይ «ዐዋቂ» የተባለው ሰው፣ አራጁና ቆዳ ገፋፊው እርሱ ራሱ ሊሆን ይችላል።

ይህን ሁሉ በድንቁርና ብቻ ማመካኘት ትክክል አይመስለንም። በሬ ለገበሬው የዓመት እርሻው ነው። «ሳታርድ በጥልቅ ጉድጓድ ቅበረው» ሲባል፣ ኪሣራውን ማን ይካፈለዋል? ለዚህ መልስ ያላዘጋጀ ትምህርት ከጆሮ አያልፍም።

ስለዚህ ጥናቶቹ የሰሙትን መቁጠር ትተው የተሠራውን እንዲጠይቁ እናሳስባለን። በመጨረሻ በሬዎ በታመመ ጊዜ ምን አደረጉ? ማን አረደው? ቆዳውስ ወዴት ሄደ? ባለፈው ዓመት ተከትቦ ነበርን? ካልተከተበስ ስለ ምን? ክትባቱ በአገራችን፣ በቢሾፍቱ የሚዘጋጅ ነውና፣ ወደ ገበሬው በረት ሳይደርስ የቀረበትን ምክንያት ማወቅ የገበሬውን «አዎን» ከመቁጠር የበለጠ ይጠቅማል።