«ብቻዬን» ያለው ብስክሌተኛ

የብስክሌት ጉዞ ማስታወሻ የታወቀ መልክ አለው። አንድ ሰው ድንኳኑን፣ የዝናብ ልብሱንና የውኃ ኮዳውን ብስክሌቱ ላይ ያስራል፤ በባሕር ዳር ገደል ጥግ በሚያልፍ መንገድ ላይ ለቀናት ብቻውን ይነዳል፤ ሲመለስም ይጽፋል። በጽሑፉ ውስጥ ሦስት ነገሮች አይጠፉም፤ የዳገቱ ድካም፣ የባሕሩ ውበት፣ እንዲሁም «ብቻዬን ነበርኩ» የሚል ዓረፍተ ነገር። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ያለ ክርክር እንቀበላለን። ዳገቱም ያደክማል፤ ባሕሩም ውብ ነው። የዛሬው ሂሳችን የሚያተኩረው በሦስተኛው ላይ ነው። ብቻዬን ነበርኩ ያለው ሰው በእርግጥ ብቻውን ነበር?

ጥያቄው የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ከእናንተ መካከል ማስታወሻ የምትይዙ፣ የሄዳችሁበትን የምትጽፉ ብዙዎች ናችሁ። ሰው ስለ ገዛ ጉዞው ሲጽፍ ማንን እንዳስገባና ማንን እንዳስቀረ ብንመለከት፣ ባልንጀራውን የት እንዳስቀመጠው እናውቃለን። ስለዚህ የጉዞ ማስታወሻን መመርመር ልብን መመርመርም ነው።

ነገሩን በአየር ላይ እንዳንናገር አንድ የታወቀ መንገድ እንውሰድ። በካሊፎርኒያ ከካርሜል እስከ ሳን ሲሚዮን ያለው፣ ቢግ ሰር የሚባለው የባሕር ዳርቻ ርዝመቱ 145 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሳንታ ሉሲያ ተራሮች በዚያ በኩል በቀጥታ ወደ ፓስፊክ ውቅያኖስ ይወርዳሉ። በተራራውና በባሕሩ መካከል ሜዳ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ሀይዌይ 1 የተባለው መንገድ ከገደሉ ወገብ ላይ ተፈልፍሎ የወጣ ነው። ብስክሌተኞች አብዛኛውን ጊዜ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይነዱበታል፤ ለዚህም ሁለት ምክንያት አላቸው። በሞቃቶቹ ወራት ነፋሱ በብዛት ከሰሜን ምዕራብ ስለሚነፍስ ከኋላ ይገፋቸዋል። ደግሞም በአሜሪካ ተሽከርካሪ ቀኙን ይዞ ስለሚሄድ፣ ወደ ደቡብ የሚወርድ ሰው በባሕሩ በኩል ባለው መሥመር ላይ ይሆናል፤ በእርሱና በገደሉ መካከል ዓይኑን የሚጋርደው መኪና የለም።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ይህን ምክር ብቸኛው ብስክሌተኛ ከየት አገኘው? ከእርሱ በፊት በተቃራኒው ነድተው ነፋሱ ፊታቸውን ከገረፋቸው ሰዎች ነው። ገና ፔዳሉን ሳይረግጥ የሌሎችን ድካም ተቀብሏል። ደካማ ጸሐፊ ግን «ነፋሱ ከእኔ ጋር ነበር» ብሎ ያልፋል፤ የአቅጣጫው ምርጫ የብልኅነቱ ፍሬ ይመስለዋል።

ከነፋሱ ይልቅ የሚከብደው ደግሞ የመንገዱ ነገር ነው። ሀይዌይ 1 በዚያ ገደል ላይ ሃያ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1937 ተከፈተ። ድንጋዩን በድማሚትና በአካፋ ካነሡት መካከል ከሳን ኩዌንቲን ወህኒ ቤት የመጡ እስረኞች ነበሩ፤ ጥቂት ሳንቲም የቀን ክፍያና የእስራት ጊዜ ቅነሳ ይታሰብላቸው ነበር። ዛሬ ጎብኚ ሁሉ ፎቶግራፍ የሚነሣበት የቢክስቢ ድልድይ በ1932 ተጠናቀቀ፤ ከሸለቆው ወለል 80 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ብስክሌተኛው ያን ሸለቆ የሚሻገረው በደቂቃ ውስጥ ነው። በደቂቃ እንዲሻገር ያደረጉት ሰዎች ግን በማስታወሻው ውስጥ አንድ መሥመር እንኳ አያገኙም።

መንገዱ አንዴ ተሠርቶ ያለቀም አይደለም። በሜይ 2017 መድ ክሪክ በተባለው ስፍራ ተራራው ተንዶ ወደ ባሕሩ ወረደ፤ መንገዱንም ቀበረው። እንደገና የተከፈተው በጁላይ 2018 ነው። ከዚያ ወዲህም በሌሎች ቦታዎች እየተናደ እየተጠገነ ነው የሚኖረው። ከመንገዱም በፊት በዚያ አገር ሰው ነበረ። የኤሰለን ሕዝብ ከአባቶቹ ምድር ከተነቀለ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ2020 በሊትል ሰር ወንዝ አጠገብ 485 ሄክታር ያህል መሬት በስሙ ተመልሶለታል። «ሰው ያልነካው ምድር» የሚለው የተለመደ ሐረግ እንግዲህ እዚህ ላይ ሐሰት ነው።

የሰማዩን ወፍ እንኳ እንይ። በዚያ ገደል ላይ ኮንዶር የሚባል ግዙፍ አሞራ ይበራል፤ ክንፉ ሲዘረጋ 3 ሜትር ገደማ ይደርሳል። የጉዞ ጸሐፊዎች የነፃነት ምሳሌ ያደርጉታል። ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ግን ክንፉ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ምልክት ያገኛል። በ1982 በዓለም የቀሩት የካሊፎርኒያ ኮንዶሮች 22 ብቻ ነበሩ። በኋላም በዱር የቀሩት ሁሉ ተይዘው በሰው እጅ እንዲራቡ ተደረገ፤ በቢግ ሰር መለቀቅ የጀመሩት በ1997 ነው። ያ ብቻውን የሚንሳፈፍ የሚመስለው አሞራ እንኳ የሚቆጥረውና የሚከታተለው አለው። ቁጥሩን አይቶ የጻፈ ሰው፣ «ነፃ ወፍ» ብሎ ካለፈው ይልቅ እውነቱንም ውበቱንም አግኝቷል።

«ታዲያ የጉዞ ማስታወሻ የታሪክ ትምህርት ይሁን ነው የምትለን?» የሚል ይኖራል። አይደለም። አንድ መሥመር ይበቃል። ብቻን መሆንንም አንነቅፍም፤ ጸጥታ የሚሰጠው ነገር አለ፤ ያንን ማንም አይከለክለን። የምንለየው ሁለት አባባሎችን ነው። «ብቻዬን ነዳሁት» የሚለው ወሬ ነው፤ ጓደኛ አልነበረኝም ማለት ነው። «ብቻዬን ቻልኩት» የሚለው ግን ክስ ነው፤ ማንም አልረዳኝም ይላል። ብዙ ማስታወሻዎች በመጀመሪያው ጀምረው ሳይታወቃቸው በሁለተኛው ይጨርሳሉ። የዘውጉ ትልቁ ሕመም ይህ ነው።

ይህን ሕመም ታላላቆቹም ታግለውታል። የዚያ ባሕር ዳር ገጣሚ የሚባለው ሮቢንሰን ጀፈርስ የፕሬስቢቴሪያን አገልጋይና የብሉይ ኪዳን ሥነ ጽሑፍ መምህር ልጅ ነበር። በ1914 ወደ ካርሜል መጥቶ ዕድሜውን እዚያ ፈጸመ። ዓለቱን፣ ጭልፊቱንና ማዕበሉን የእርሱን ያህል ያየ ጥቂት ነው። ነገር ግን በግጥሙ ውስጥ ሰው እያነሰ፣ ዓለቱ እየገዘፈ ይሄዳል፤ ከሰው ፊትን ማዞርንም አቋም አድርጎ ስም ሰጥቶታል። እኔን የሚገርመኝ ቤቱ ነው። በባሕሩ ዳር የድንጋይ ቤት ሲያሠራ ከግንበኛው ሥር ሆኖ ድንጋይ እያቀበለ ሙያውን ተማረ፤ ከዚያ በኋላ ነው ግንቡን በገዛ እጁ ያቆመው። ግጥሙ የዘነጋውን ግንቡ ይመሰክራል፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ መደርደርን ያስተማረው ሰው ነበረ።

ጃክ ኬሩዋክም በ1960 ከዝናው ሸሽቶ በዚያው በቢክስቢ ሸለቆ፣ በገጣሚው ሎውረንስ ፈርሊንጌቲ ጎጆ ውስጥ ብቻውን ሊያርፍ ሄደ። «ቢግ ሰር» የተባለው ልቦለዱ በ1962 ወጣ። መጽሐፉን የሚያወሱ ሰዎች ስለ መጠጡና ስለ አእምሮው መናወጥ ይነግሯችኋል፤ እውነትም አለበት። የእኔን ትኩረት የሚስበው ግን ተራኪው በዚያው መንገድ በእግሩ ሲጓዝ መኪና የሚለምንበት ክፍል ነው። ለዕረፍት የመጡ ቤተሰቦች ባሕሩን እያደነቁ ያልፉታል፤ እግሩ ውኃ ቋጥሯል፤ የሚያቆምለት የለም። ኬሩዋክ እዚህ ላይ የመንገዱን ሌላ ገጽታ አሳየን። ገደሉን የሚያይ ዓይን በገደሉ ዳር የሚያነክሰውን ሰው ላያይ ይችላል። ውበት ብቻውን ሰውን ደግ አያደርግም።

ከእነዚህ ጋር አንድ ብስክሌተኛ እናወዳድር። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ማይክ ካርተር የብሪታንያን ባሕር ዳርቻ 8,000 ኪሎ ሜትር ያህል ዞሮ በ2011 መጽሐፍ አወጣ። ርዕሱ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ «አንድ ሰውና ብስክሌቱ» ይሆናል። ርዕሱ ብቻነትን ያውጃል፤ ገጾቹ ግን በመንገድ ባገኛቸው ሰዎች የተሞሉ ናቸው። ርዕሱና ይዘቱ ተጣልተዋል፤ ለአንባቢ ግን መልካም ጠብ ነው፤ አሸናፊው ይዘቱ ነውና።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ የምትቀርበው ደርቭላ መርፊ ናት። መንገዷ የባሕር ዳር ባይሆንም ብቻን በብስክሌት ስለ መጓዝ ከጻፉት ሁሉ ብዙ የምታስተምረን እርሷ ናት። ይህች አየርላንዳዊት በ10 ዓመቷ ያገለገለ ብስክሌትና የካርታ መጽሐፍ ተሰጣት፤ ያኔውኑ በብስክሌት ሕንድ ድረስ ለመሄድ ወሰነች። ነገር ግን በ14 ዓመቷ ትምህርቷን ትታ የታመመች እናቷን ማስታመም ጀመረች፤ ለዓመታትም አስታመመች። እናቷ ካረፈች በኋላ በጃንዋሪ 1963 ተነሣች፤ በዚያው ዓመት ሕንድ ደረሰች። በ1965 የወጣው መጽሐፏ በመንገድ ላይ እየጻፈች ለወዳጆቿ በላከችው ማስታወሻ ላይ የተመሠረተ ነው። ይህ አነስተኛ ነገር አይደለም። የምትጽፍለት ሰው በዓይኗ ፊት ስላለ «እኔ» እያለች እንኳ ለራሷ አትናገርም።

ቀጥላም ወደ እኛ አገር መጣች። ጆክ ብላ የሰየመችውን በቅሎ ይዛ ጉዞ ጀመረች፤ በትግራይ፣ በስሜን ገደሎች፣ በጎንደርና በላሊበላ በኩል አዲስ አበባ ገባች፤ መጽሐፉ በ1968 ታተመ። አንዳንድ ፍርዷ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይጎረብጣል፤ ቸኩላ የደመደመችበት ቦታም አለ። ነገር ግን በገበሬ ጎጆ እንግዳ ሆና ያደረችበትን ሌሊት ከነቁንጫው አልደበቀችም፤ ማን እንዳስተናገዳት፣ ማን እንደ ዘረፋት እናውቃለን። ስለዚህ ልንከራከራት እንችላለን። ሰዎችን ከመጽሐፉ ያስወጣን ጸሐፊ ግን ልንከራከረው እንኳ አንችልም፤ ምስክር አላስቀረምና።

ከመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች አንዱን በተራኪ ዓይን እዩት። ኤልያስ በኮሬብ ዋሻ ሆኖ ብቻዬን ቀረሁ አለ። የተሰጠው መልስ ግን 7,000 ሰው እንዳለ የሚናገር ነበር። ተራኪው ደግሞ ከዚያ አስቀድሞ በመንገድ ላይ የቀረበለትን እንጎቻና የውኃ ማሰሮ ሳይጽፍ አላለፈም። ነቢዩ በድካሙ የረሳውን ተራኪው አልረሳም። መልካም የጉዞ ጸሐፊም ሁለቱንም መሆን ይገባዋል፤ በመንገድ ላይ ደክሞት ብቻዬን ነኝ የሚለው መንገደኛም፣ በኋላ ተቀምጦ እንጎቻውን የሚመዘግበው ተራኪም።

ስለ ቋንቋው አንድ ነገር ልጨምር። በእነዚህ ማስታወሻዎች «ቃላት ሊገልጹት አይችሉም» የሚለው አባባል ከገደሉ ጫፍ ላይ ሁልጊዜ ይጠብቀናል። ትሕትና ይመስላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ስንፍና ነው። ባሕሩን መግለጽ ባይቻል ጭጋጉ ከመንገዱ በታች ነበር ወይስ በላይ? ማዕበሉ ዓለቱን ሲመታ ድምፁ ከመታየቱ ስንት ጊዜ ዘግይቶ ደረሰ? የብሬኩ ሽቦ በቁልቁለቱ ላይ ምን አለ? እነዚህን መመለስ ይቻላል። ፍጥረትን ማክበር የሚጀምረው በትክክል በማየት ነው፤ ማድነቅ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

እንግዲህ ማስታወሻ ያላችሁ አውጡት። «ብቻዬን» የሚለውን ቃል ፈልጋችሁ ከሥሩ አስምሩበት። ከዚያ ውኃ የሰጣችሁን፣ የተበሳውን ጎማ የለጠፈውን፣ መንገዱን የጠረገውን፣ አቅጣጫ የነገራችሁን ሰው አስታውሱ። ለእያንዳንዱ አንድ ዓረፍተ ነገር ስጡት፤ ስሙን ካላወቃችሁ ሥራውን ጻፉ። ከዚያ በኋላ ቃሉ አሁንም እውነት ሆኖ ከቆመ ተዉት፤ ካልቆመ ሰርዙት። ጽሑፉ ሁለት ገጽ ቢረዝም የዝግጅት ክፍሉ አያጉረመርምም።